ስለ ተማሪዎች የዕረፍት ሰዓትና ስለ ጨዋታ ጥቅም

ስለ ጤና አጠባበቅ በተነሣ ቁጥር ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ነው። ይህ አሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የሰው ሰውነት ከእድፍ መጠበቁ ብቻ አይበቃውም፤ መንቀሳቀስም ያስፈልገዋል። ዕቃ ታጥቦ ቢቀመጥ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ልጅ ግን ታጥቦ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ንጽሕናው ብቻውን ጤናማ አያደርገውም።

ስለዚህ በዚህ ወር ስለ አንዲት አጭር ጊዜ፣ ይኸውም በተማሪ ቤት በትምህርት መካከል ስለምትሰጠው የዕረፍት ሰዓት፣ ያለንን አሳብ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለከተማ ነዋሪዎች ልናቀርብ ወደድን። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ የዕረፍት ሰዓት ለልጁ ጤና የተመደበ የትምህርት ክፍል እንጂ፣ መምህር ደስ ሲለው የሚሰጠው ሲቆጣ የሚነሣው ችሮታ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ለቅጣት፣ ላልተፈጸመ ትምህርት ማካካሻ ወይም ለጉልበት ሥራ ሊወሰድ አይገባውም እንላለን።

በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት መንደሮች የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የዕረፍት ደወል ሲደወል ልጆች ከቀፎ እንደሚወጣ ንብ ከየክፍሉ ይፈልቃሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም የሚጫወቱ ይመስላል። ወደ ሜዳው ቀረብ ብለን ብንመለከት ግን እንዲህ አለመሆኑን እናስተውላለን። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች አንዲት የጨርቅ ኳስ ይዘው ሰፊውን ቦታ ይወስዳሉ። ትንንሾቹ እንዳይረገጡ ፈርተው ወደ ዳር ይሸሻሉ። ልጃገረዶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በግድግዳው ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። በአንዳንድ ተማሪ ቤቶችም ከክፍል ከቶ ያልወጡ አሉ፤ አንዱ ከሰሌዳው ላይ ያልጨረሰውን እንዲገለብጥ ታዟል፤ ሌላው አርፍዶ በመምጣቱ ተንበርክኮ ይቆያል፤ ሌላይቱ ደግሞ ጀሪካን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ተልካለች። እንግዲህ በዚያች ደወል የተጠቀመው ከተማሪዎቹ ስንቱ ነው?

በመጀመሪያ ጨዋታ በልጅ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ልጅ ሲሮጥ ልብ በብርታት ይመታል፤ ሳንባም በጥልቅ ይተነፍሳል፤ ደምም ምግብና አየር ተሸክሞ ወደ ጡንቻዎችና ወደ አንጎል በብዛት ይደርሳል። ሲዘል አጥንቱ የሰውነቱን ክብደት ደጋግሞ ስለሚቀበል እየጠነከረ ይሄዳል፤ የአጥንት ጥንካሬ በአብዛኛው የሚገነባው በልጅነትና በጉርምስና ዘመን ስለሆነ፣ በዚያ ዕድሜ የተጓደለውን በኋላ መሙላት አስቸጋሪ ነው። ፀሐይ በቆዳው ላይ ስታርፍም ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ የተባለውን ለአጥንት የሚያስፈልገውን ነገር ያዘጋጃል። ከዚህም በላይ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን መቻልን፣ ተጣልቶ መታረቅን ይማራል፤ ይህን ሁሉ ከሰሌዳ ሊገለብጠው አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በየቀኑ በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚህም ውስጥ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንደ ሩጫና እንደ ዝላይ ያለ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲኖር ያሳስባል። አንድ ተማሪ ቤት በቀን 20 ደቂቃ ዕረፍት ቢሰጥና ልጁ በእውነት ቢጫወትበት፣ ከሚያስፈልገው እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛውን አገኘ ማለት ነው። በአንጻሩ ይኸው ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በቅጣት ዕረፍቱን ቢያጣ፣ በ36 የትምህርት ሳምንታት 1,440 ደቂቃ ወይም 24 ሰዓት ይጎድልበታል። ጉዳቱ በአንድ ቀን ባይታይም በዓመቱ መጨረሻ ሲደመር ትንሽ አይደለም።

ጨዋታና እንቅስቃሴ ከባዕድ አገር የመጣ ልማድ የሚመስላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አባቶቻችን ትምህርትን ከሰውነት የለዩ አልነበሩም። ጎንደር በታወቀችበት በአቋቋም ትምህርት ተማሪው ዜማውን የሚያጠናው ቁጭ ብሎ ብቻ አይደለም፤ መቋሚያውን ይዞ፣ ጸናጽሉን እየጸነጸለ፣ ከከበሮው ጋር እግሩንና ትከሻውን እያስማማ ነው። ይህን የምንጠቅሰው የተቀደሰውን ሥርዐት ከልጆች ጨዋታ ጋር ለማስተካከል ሳይሆን፣ በእኛ ዘንድ አእምሮና አካል አብረው ይማሩ እንደነበር ለማስታወስ ነው። በልደት ሰሞን በደጋው ሜዳ የሚደረገው የገና ጨዋታም ቆልማማ ዱላና ሩር ብቻ የሚጠይቅ፣ ጌታና ሎሌ የማይለይበት፣ እረኛውና ባለርስቱ አብረው የሚሮጡበት ነበር። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ትግል፣ ገመድ ጉተታ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ልጆቻችን ከታላላቆቻቸው የወረሷቸው የሰውነት ማጠንከሪያዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ አሳባችንን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አሉ። ምክንያቶቹ በቅን ልቡና የሚነገሩ ስለሆኑ ሳንመልስላቸው ማለፍ አይገባንም።

አንዳንዶች፣ «የእኛ ልጆች ከሩቅ መንደር በእግራቸው ተጉዘው ይመጣሉ፤ ከብትም ይጠብቃሉ፤ ውሃና እንጨትም ይሸከማሉ፤ ከዚህ በላይ እንቅስቃሴ ምን ያደርግላቸዋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ተማሪ ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድና ይመለስ እንደነበረ በሰፊው የታወቀ ነው፤ የእግር መንገድም ለልብና ለሳንባ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሸክምና ጨዋታ አንድ አይደሉም። ጀሪካን ያዘለች ልጅ ጀርባዋ ይጎብጣል እንጂ አትዘልም፤ አትስቅምም። ሥራ ልጁን የሌላ ሰው አሳብ ፈጻሚ ያደርገዋል፤ ጨዋታ ግን ራሱ አስቦ፣ ራሱ መርጦ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተስማምቶ የሚያደርገው ነው። ደግሞም በአውራ ጎዳናው ዳር በተቈረቈሩት ከተሞቻችን ተማሪ ቤቱ በቤቱ አጠገብ የሆነለት፣ ከትምህርት ሲመለስም በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት የሚቀመጥ ልጅ እየበዛ ነው። ለእርሱ የዕረፍት ሰዓት በቀኑ ውስጥ የሚሮጥበት ብቸኛ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ደግሞ፣ «አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ ይበረታል፤ አየሩም ስስ ነው፤ ልጅ ቢሮጥ ሳንባውን ይታመማል» ብለው ይፈራሉ። እነዚህ ከተሞቻችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ከቆላ የመጣ እንግዳም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ይደክመዋል። ነገር ግን በዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ከአገሩ አየር ጋር የተስማማ ነው። እንዲያውም ይህ አገራችን በዚህ ነገር በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1969 በታተመ አንድ ጥናት የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች የደባርቅን ሰዎች ከአዲ አርቃይ ቆላ ሰዎች ጋር አስተያይተው የደገኛው ደረት ሰፋ ያለ መሆኑን አግኝተዋል። በ1995 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናትም በስሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ሰዎች መጠን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ለደጋ ልጅ የደጋ አየር ጠላቱ አይደለም። ለብርዱም መድኃኒቱ መንቀሳቀስ እንጂ በግድግዳ ጥግ ተኰራምቶ መቀመጥ አይደለም፤ የሮጠ ልጅ ሰውነቱ ራሱ ይሞቃል። ነገር ግን ሲጫወት ያላበው ልጅ በነፋስ ላይ ቆሞ እንዳይበርደው፣ ለጨዋታ ያወለቀውን ልብስ ወደ ክፍል ሲገባ መልሶ እንዲለብስ መምከር ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ከመምህራን የሚመጣው ነው። «የትምህርቱ መጽሐፍ አላለቀም፤ ፈተናው ደርሷል፤ ለጨዋታ የሚተርፍ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ጭንቀታቸውን እንረዳለን። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልደነገጠ መምህርና ወላጅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየተማሪ ቤቱ ማካካሻ ትምህርት መብዛቱ አያስገርምም። ነገር ግን ከዕረፍት የሚወሰደው 20 ደቂቃ ዕውቀት ሆኖ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ልጅ ያለ ዕረፍት ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቢሆንም አሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ልጆች ከተንቀሳቀሱ በኋላ ለትምህርት የሚሰጡት ትኩረት እንደሚሻሻል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። በትምህርቷ በዓለም የተመሰገነችው ፊንላንድ እንኳ በልማድ ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ ለልጆቿ 15 ደቂቃ ዕረፍት ትሰጣለች። ገበሬ በሬውን ከቀንበር ፈትቶ የሚያሳርፈው እርሻውን ስለናቀ ነውን? አይደለም፤ ከሰዓት በኋላም እንዲያርስለት ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅጣት በግልጽ መናገር ይገባናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በተማሪ ቤት አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ብዙ መምህራንም አለንጋውንና አርጩሜውን ትተዋል፤ ስለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን በአርጩሜው ፈንታ የልጁን ዕረፍት መንጠቅ በአንዳንድ ስፍራ ልማድ እየሆነ ነው። ይህ ቅጣት ቀላል ይመስላል፤ ደም አያፈስም፤ ሰንበርም አይተውም። ይሁን እንጂ በማን ላይ እንደሚወድቅ እንመልከት። አርፍዶ የሚመጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣው፣ ማለዳ ከብት አሠማርቶ የሚነሣው ነው። በክፍል ውስጥ አልቀመጥ ብሎ የሚረብሸው ልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ መሮጥ የሚያስፈልገው ነው። እንግዲህ ለዚህ ልጅ ዕረፍት መከልከል፣ ለተጠማ ሰው ውሃ በመከልከል ጥማቱን አስታግሣለሁ እንደ ማለት ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2013 ባወጣው መግለጫ፣ የዕረፍት ሰዓት ለቅጣት ወይም ለትምህርት ማካካሻ ተብሎ መከልከል እንደማይገባው የተናገረው ይህን በመገንዘብ ነው። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን ከልጁ መብቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። ያጠፋ ልጅ ይመከር፤ ወላጁ ይጠራ፤ ያበላሸውን እንዲያስተካክል ይታዘዝ። ዕረፍቱ ግን አይነካበት።

ስለ ምግብም አንድ ቃል እንጨምር። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ እንደ ጠገበው ልጅ ሊሮጥ አይችልም፤ በግድ እንዲሮጥም አይገባም። መምህር በሜዳው ላይ ሆኖ ሲመለከት ዘወትር የሚደክመውን፣ የሚያዞረውን፣ ቶሎ የሚተነፍሰውን ልጅ ለይቶ ለወላጁና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሊያስታውቅ ይችላል። ስለዚህ ሜዳው የጤና መመርመሪያም ነው። ወላጆችም ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት በዚህ አገር አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ትንሽ በሶ ለልጃቸው መቋጠር ከባድ ዋጋ የሚጠይቅ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ የዕረፍት ሰዓት በእውነት ለጤና የሚጠቅም እንዲሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ እንናገር። የምንመክረው ሁሉ አብዛኛው ያለ ገንዘብ የሚፈጸም ነው።

አንደኛ፣ ሜዳው ይጽዳ። ስለታም ድንጋይ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ሚስማርና የሽቦ ቍራጭ ይለቀም፤ ጕድጓድ ይደፈን፤ ውሃ የሚቋጥረው ቦታ ቦይ ይቀደድለት። ይህን የወላጆች ኮሚቴ በአንድ ቅዳሜ ሊፈጽመው ይችላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የሚገኙ ተማሪ ቤቶች በተለይ አጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ ኳስ ተከትሎ ወደ መንገድ የሚሮጥ ልጅ የጭነት መኪናውንም ሆነ ባጃጁን አያይምና።

ሁለተኛ፣ ሜዳው ይከፋፈል። በአመድ ወይም በኖራ መስመር ተሠምሮ ለታናናሾቹ አንድ ቦታ፣ ለኳስ አንድ ቦታ፣ ለገመድ ዝላይና ለሰኞ ማክሰኞ አንድ ቦታ ይለይ። ተማሪው ብዙ፣ ቦታው ጠባብ በሆነበት ዘንድ የታናናሾቹና የታላላቆቹ ዕረፍት በተለያየ ሰዓት ቢሆን መጨናነቁ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ አንድ ተረኛ መምህር በሜዳው ይገኝ። ሥራው ጨዋታውን ማዘዝ አይደለም፤ ልጆች ራሳቸው መርጠው የሚጫወቱት ካልሆነ ዕረፍት መሆኑ ይቀርና ሌላ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይሆናል። የመምህሩ ሥራ አደጋን መከላከል፣ ጕልበተኛው ደካማውን እንዳይገፋ መጠበቅ፣ ዳር የቀረውን ልጅ ወደ ጨዋታ መጋበዝ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ የተባለው ትምህርት በክፍለ ጊዜው መኖሩም ዕረፍትን አይተካውም፤ በዚያ ልጁ ይማራል፤ በዕረፍት ግን የተማረውን በነጻነት ይሠራበታል።

አራተኛ፣ ልጃገረዶች ድርሻቸውን ያግኙ። በብዙ ቤት ሴት ልጅ ከትምህርት በፊትም በኋላም ሥራ አለባት። በተማሪ ቤትም ክፍል መጥረግና ውሃ መቅዳት በእርሷ ላይ ቢወድቅ መቼ ትጫወታለች? የክፍል ጽዳት ወንዱም ሴቷም በተራ የሚሠሩት፣ ከዕረፍት ሰዓት ውጭም የሚፈጸም ይሁን። «ሴት ልጅ ስትሮጥ ነውር ነው» የሚል ካለ ደራርቱ ቱሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳልያ አግኝታ የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ያደረገችው ሮጣ መሆኑን ያስታውስ። ለጨዋታ የሚመች ልብስ፣ ለሴቶች የተለየና በር ያለው መጸዳጃ ቤት መኖሩም ልጃገረዶች በነጻነት እንዲጫወቱ ያደርጋቸዋል።

አምስተኛ፣ አካል ጉዳተኛው ልጅ አይረሳ። ዓይኑ የማያይ ልጅ ገመድ ጉተታ ይችላል፤ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ኳስ በእጁ ሊወረውርና ሊቀልብ ይችላል። «አንተ ተቀመጥና ልብሳችንን ጠብቅ» ማለት በጎ አድራጎት መምሰሉ ነው እንጂ ከጓደኞቹ መለየት ነው።

ስድስተኛ፣ ጨዋታና ንጽሕና አይለያዩ። ደወሉ ለመግባት ሲደወል ልጁ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ይግባ። ክልላችን ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች መካከል አንዱ መሆኑን፣ ይህም በሽታ በቆሸሸ እጅ፣ በፎጣና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን እንደሚተላለፍ ደጋግመን ጽፈናል። ቧንቧ የሌለው ተማሪ ቤት ጀሪካን በእንጨት ላይ አንጠልጥሎ፣ በገመድ ታስሮ በእግር በሚረገጥ እንጨት እንዲዘነበል ቢያደርግ፣ በጥቂት ውሃ ብዙ ልጆች ይታጠባሉ። ሳሙና ባይገኝ ንጹሕ አመድ ለእጅ ያገለግላል። እግርን በሚመለከትም፣ በባዶ እግር መሮጥ መንጠቆ ትል ለሚባለው የአንጀት ትል ያጋልጣል፤ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዘመናት በባዶ እግር መሄድም ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ስለዚህ ርካሽ የላስቲክ ጫማ ቢሆንም እንኳ ልጁ ጫማ አድርጎ ይጫወት፤ ማታም እግሩን በውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ይህ ሁሉ ምክር አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ሲጀምር መሠረቱ ያደረገው አሳብ፣ በሽተኛን ከማከም ይልቅ ጤነኛው እንዳይታመም መጠበቅ ይቀድማል የሚል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ በሽታ በከተሞቻችን እየተስፋፉ ባሉበት በዚህ ዘመን ልጅን ሮጦ እንዲያድግ ማስለመድ ወደፊት ለሐኪም ቤት የሚወጣውን ወጪ ይቀንሳል።

በመጨረሻም ልብን የሚነካ አንድ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ብዙ ቤተ ሰብ ሐዘን ላይ ወድቋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ በኋላም ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ከእነዚህ መካከል ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ ያየውንና የሰማውን በልቡ ይዞ ነው የሚመለሰው። ትልቅ ሰው ሐዘኑን በልቅሶና በጨዋታ ወግ ይወጣዋል፤ ትንሽ ልጅ ግን ቃል ያጥረዋል። ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ፣ ሲጮኽ፣ ሲስቅ ልቡ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። የሕፃናትን ጤና የሚከታተሉ ባለሙያዎች ከጦርነትና ከመፈናቀል ለተረፉ ልጆች ከምግብና ከመጠለያ ጋር የመጫወቻ ቦታ እንዲዘጋጅላቸው የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ፣ «ብዙ ትምህርት አምልጦሃልና ዕረፍት የለህም» ብለን ክፍል ውስጥ ብናስቀረው፣ ባመለጠው ትምህርት ላይ ሌላ ጉዳት እንጨምርበታለን። የበለጠ የተጎዳው ልጅ የበለጠ ጨዋታ ያስፈልገዋል።

መምህራን ሆይ፣ የተማሪ ቤቱ ደወል በእናንተ እጅ ነው። በሚመጣው ሳምንት አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት በሜዳው ዳር ቆማችሁ ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ እንደሚጫወት፣ ስንቱ ዳር ቆሞ እንደሚያይ፣ ስንቱ በክፍል ውስጥ እንደቀረ ቍጠሩ፤ ከዳር ከቆሙት መካከልም ሴቶቹ ስንት እንደሆኑ ለዩ። ቍጥሩንም በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ አቅርባችሁ ተነጋገሩበት። ወላጆችም ልጃችሁ ማታ ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁት ሁሉ «ዛሬስ ምን ተጫወትህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ልጅ ቢኖር፣ መጥታችሁ ከመምህሩ ጋር በመከባበር ተወያዩ። የከተማው ነዋሪዎችም ለሜዳው ጽዳትና ለአጥሩ ሥራ እጃችሁን ዘርጉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና።

ሜዳው ቢጸዳ፣ ውሃው ቢቀርብ፣ ቅጣቱ ቢቀር፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ ለልጆቻችን ጤና ብዙ ይሠራል። ይህን ለማድረግ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ትእዛዝም ሆነ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልገንም።